ሥዕሎቹን በፕላስተር የሸፈንኩበት ክረምት

የፕላስተር ሽታ ያስፈራኛል ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅብኝ። ሰሞኑን የሮኬት ሳይረን ሲደጋገም ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉና ልጄ የሺ የራሷን ልጅ ኖጋን ይዛ ክርያት ሐይም በሚባለው ሰፈር እኔ ዘንድ መጣች። የሺ ነርስ ናት፤ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ሆስፒታል አይዘጋም። ኖጋ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ናት። የሺ የፊደል ሰሌዳ ልትለጥፍላት ማማድ ወደሚሉት የኮንክሪት መጠለያ ክፍል ገባችና ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ሰፊ ቡናማ ፕላስተር አወጣች። ጫፉን በጥፍሯ ፈልጋ ጥርርር አድርጋ ስትስበው ድምፁ ጆሮዬን፣ የሙጫው ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም። ጉልበቴ ነው።»

«ጉልበትህ አይደለም» አለች። ለነርስ መዋሸት ከባድ ነው። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ጥቅል አየችውና ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ፤ እኔንና እሷን የሚያስበረግገን ልጥ ይኸው ቡናማ ፕላስተር ነው።

የሺ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔና ኖጋ ቀረን። ትምህርቱ በስልክ ነው። አስተማሪዋ በትንሿ መስታወት ውስጥ ሆና ታወራለች፤ የክፍሉ ልጆችም እያንዳንዳቸው በየሳጥናቸው ተደርድረው ይታያሉ። ውኃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠጋ ስል፣ «ሳባ፣ ሬጋ! አንተ ዝም በል፣ ሞራ እያወራች ነው!» ትለኛለች፤ አያቴ፣ ቆይ፣ አስተማሪዋ እያወራች ነው ማለቷ ነው። አያትን አንተ፣ ያውም ዝም በል። ለአስተማሪዋ ያላትን አክብሮት ግማሹን ለእኔ ብታካፍለኝ ምን ነበረበት? ግን አልቆጣትም። አንድ ቀን በትምህርቱ መሀል ሳይረን ሲጮህ በሩን ዘግቼ ስልኩን ቀና ብዬ አየሁት። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ሄደዋል፤ በየሳጥኑ ውስጥ ባዶ ወንበሮች ብቻ ቀርተዋል። አንዱ ወንበር ገና ይሽከረከር ነበር። ያን ካየሁ ወዲህ ልቤ በሙሉ ወደዚያ ወደ ድሮው ክረምት ሄዷል።

ዓመተ ምሕረቱን አልቆጥርም። የሺ ያኔ የኖጋን ያህል ነበረች፤ የእኔም ጸጉር ጥቁር ነበር። የምንኖረው ክርያት ያም፣ ባሕሩ ዳር ከተደረደሩት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። የባሕሩ ጨው የበረንዳውን ብረት እየበላ ዝገቱ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ደረጃው ቢጠርጉት ቢያጥቡት ከአሸዋ አይጸዳም። ጥጉ ላይ ያለችው ኪዮስክ የሱፍ ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ በአንድ ሼቅል ትሸጣለች፤ ማታ ማታ ወንዶች ሁሉ እዚያ ቆመው ቅርፊት ሲተፉ ነው የሚያመሹት። እኔ ከታችኛው ከተማ ገበያ የገዛሁት ግራጫ ካፖርት ነበረኝ። የቀድሞው ባለቤቱ ምን ያህል ረጅም እንደነበረ እንጃ፣ እጅጌው ጣቶቼን ይውጣቸዋል። ባለቤቴ ዝናሽ «አንተ ካፖርቱን አልለበስከውም፣ እሱ ነው አንተን የለበሰህ» ትለኝ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ከየመስኮቱ ዘፈን ይወጣል፤ ከአንዱ ቤት የሞሮኮ፣ ከአንዱ የሩማንያ፣ ከእኛ ቤት ደግሞ በካሴት የጎንደር ማሲንቆ። ዘፈኖቹ ደረጃው ላይ ሲገናኙ የማን የማን እንደሆነ አይለይም። ደስ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ ደስታ መሆኑን አላወቅንም እንጂ።

ያ ክረምት ሲመጣ ዘፈኑ ቆመ። ጦርነት ሊነሣ ነው፣ ሮኬት ሊመጣብን ነው፣ ሮኬቱም የመርዝ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል ተባለ። ለእያንዳንዳችን ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የካርቶን ሳጥን ታደለን፤ ውስጡ የጎማ ጭንብል አለ። አንድ ክፍል ምረጡ፣ መስኮቱን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጥፉ፣ ሳይረን ሲጮህ ገብታችሁ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ አድርጉ አሉን። እኛ ባደግንበት አገር ሰው ሲፈራ በሩን ከፍቶ ወደ ዱር ይሮጣል። እዚህ ግን ሲፈራ ራሱን አሽጎ ይቀመጣል። ለመልመድ ከባድ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች አሁን ተሰብስበው ሲያወሩ፣ ጣሪያ ላይ ወጥተን ሮኬቱን በዓይናችን አየነው ይላሉ። እኔ ምንም አላየሁም። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ጭንብሌን አጥልቄ ግድግዳ ሳይ ነው የከረምኩት።

የምሠራው ባሕረ ሰላጤው ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በርሜል በማጠብ ነበር። ፋብሪካው አብዛኞቻችንን እቤት ቆዩ አለን። ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲነፍስ ሰፈሩ በደህናው ቀን እንኳ የገማ እንቁላል ይሸታል። ያ የሚያስፈራሩን ጋዝ ደግሞ ምን እንደሚሸት የነገረኝ የለም። ስለዚህ ሲመሽ በረንዳ ላይ እወጣና አየሩን አሸታለሁ። ይህ የበርሜሎቼ ሽታ ነው ወይስ ሌላ? አፍንጫዬ እስኪዝል አሸትና ምንም ሳልለይ እገባለሁ። ዝናሽ ትጠይቀኛለች፤ «የእኛው ነው» እላታለሁ። እንጃ የማን እንደሆነ።

ከሮኬቱም ከጋዙም የባሰ ፍርሃት ግን ነበረብኝ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ አካባቢ የየሺ አስተማሪ አስጠርታኝ፣ አስተርጓሚ መሀላችን አስቀምጣ፣ «የሺ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን አታነብም። ክረምቱ ሳያልቅ ማንበብ ካልጀመረች ሌላ ትምህርት ቤት፣ ልዩ ክፍል ትገባለች» አለችኝ። ልዩ ክፍል ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሃሊሳ የሚባለው ሰፈር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ወንድ ልጁን እንዲሁ በጥሩ ቃል ወስደውበታል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ መኪና ትመጣና ከሰፈሩ ልጆች ለይታ ይዛው ትሄዳለች። ጺም አብቅሎ እንኳ ስሙን በቅጡ አይጽፍም ነበር። ልጁ ጅል ሆኖ አይደለም፤ አንዴ የገባ ስለማይወጣ ነው። እና የሺ ማንበብ ትማርባቸዋለች የተባሉት ሳምንታት እነሆ በፕላስተር በታሸገ ክፍል ውስጥ ሊያልፉ ነው፤ አንዲት የዕብራይስጥ ፊደል ከማያውቅ አባት ጋር። ሮኬት ሊስት ይችላል። ያቺ መኪና ግን ቤት አትስትም እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ዝናሽ አረጋውያንን የምትጦርበት ቤት አልተዘጋም፤ ሽማግሌ ጥሎ የሚሄድ የለም። ቀን ቀን ቤት የምቀረው እኔ ነኝ። ከእኛ ትይዩ ደግሞ ሮዛ የምትባል አሮጊት ሩማንያዊት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ መስኮቷን የሚያሽግላት ሰው የሌላት። መጀመሪያ ሳይረን ሲጮህ በሩን አንኳኳሁባትና ጎትቼ አመጣኋት። ከዚያ ወዲያ ሳትጠራ ሳጥኗንና የምትቀመጥበትን ትንሽ ትራስ ይዛ ትመጣ ጀመር። የእሷ ዕብራይስጥ እንደ እኔ የተሰባበረ ነው፤ ማንበብ ግን ትችላለች። ሳይረኑ ባለፈ ቁጥር የየሺን የንባብ መጽሐፍ ታወጣና ልጅቱ እንዳትፈራ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ በየገጹ ትልልቅ ቀለም ያላቸው ሥዕሎች አሉ። ድመት አለች፣ ጀልባ አለ፣ ሹራብ የምትሠራ አያት አለች።

ብዙም ሳይቆይ የሺ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ያለ አንዲት መሰናከል፣ እንደ ሮዛ ር ፊደልን እያንከባለለች። ዝናሽ እልል አለች። እኔ ጥጉ ላይ ካለችው ኪዮስክ ሁለት ጥቅል የሱፍ ፍሬ ገዛሁ፤ ሃሊሳም ስልክ ደውዬ ለአጎቴ ልጅ «የኛይቱ አነበበች» አልኩት። አሁን ሳስበው እንዲያ ማለቴ ለእሱ ደግ ወሬ አልነበረም። ግን ደስታ መቼ አስቦ ይናገራል? ለጥቂት ቀናት በረንዳ ላይ ወጥቼ ማሽተቱን እንኳ ረሳሁት።

ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሳይረን ጮኸ። ገባን፣ አሸግን፣ ጭንብል አጠለቅን። ሬዲዮው አውልቁ ሲለን አወለቅን፤ ከክፍሉ ግን ገና አትውጡ ብሎናል። የሺ መጽሐፏን ይዛ ማንበብ ጀመረች። ብርድ ስለነበር የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ሰካሁትና ፊውዙ ተቃጥሎ መብራቱ ድርግም አለ። ዓይን ቢወጉት የማይታይ ጨለማ ሆነ፤ መስኮቱ እንደሆነ ታሽጓል። ሮዛ በአገሯ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረመች፤ ዝናሽ እጄን ያዘችኝ። የሺ ግን ማንበቧን አላቋረጠችም። ድመቷን ጨርሳ ገጽ ገለጠች፤ የወረቀቱን ድምፅ ሰማሁት። ጀልባውን አነበበች። አያቲቱን አነበበች።

«እይ እንግዲህ ልጄን! ጨለማ እንኳ አይበግራት» አለች ዝናሽ።

እኔ ግን፣ በዚህ ጨለማ ፊደሉን በምን ዓይኗ ታየዋለች አልኩ። ባትሪ ፈልጌ አበራሁና መሀል ገጽ ላይ አንድ ቃል በጣቴ ይዤ «ይህ ምን ይላል?» አልኳት። ሥዕሉን አይታ «ድመት» አለች። ሌላ ያዝኩ። አሁንም ሥዕሉን አይታ «ድመት» አለች። ትክክል ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ? ሮዛን አየኋት፤ ሮዛ ቀስ ብላ ራሷን ወደ ጎን ነቀነቀች። ያን ምሽት የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት የሰማሁት ሳይረን ሁሉ ቀልድ መሰለኝ።

ልጅቱ አላታለለችንም። ማንበብ ማለት ይህ መስሏት ነው፤ ለእኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ። በእኛ ዘንድ በቃሉ የያዘ ሰው ነው አዋቂ የሚባለው። ቄሶቻችን ረጅሙን ጸሎት መጽሐፍ ሳይገልጡ ሲያወርዱት ያየች ልጅ፣ ሮዛ የምትለውን ሁሉ በጆሮዋ ይዛ ስትጨርስ አነበብኩ ብትል ምን ይፈረድባታል? አስተማሪዋ ግን በጨለማ አትጠይቃትም። ሌላ መጽሐፍ ትሰጣታለች፣ ጉዱ ይወጣል፣ መኪናዋም ትመጣለች።

ዓይኔን ሳልጨፍን አደርኩና ፊደል ያስቆጠሩኝ ቄስ ትዝ አሉኝ። ቁጡ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኛ ልጆች ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ ዘፈን ስናወርደው ዝም ብለው ይሰሙና ሲያበቃ ይስቁብናል። ከዚያ አቡጊዳ ይመጣል፤ ፊደሉ ያው ነው፣ ተራው ግን ተበታትኗል። ዘፈኑ ይጠፋብናል፣ አፋችን ይተሳሰራል። «ሀሁን አፍ ብቻውን ይወጣዋል፤ አቡጊዳን ግን ዓይን ካልመራው አፍ አይደርስበትም» ይሉን ነበር። እንግዲህ ለየሺም አቡጊዳ ያስፈልጋታል አልኩ።

ጠዋት ከመስኮቱ የተረፈውን ፕላስተር አወጣሁና የመጽሐፉን ሥዕሎች አንድ በአንድ ሸፈንኳቸው። ጥርርር፣ ድመቷ ጠፋች። ጥርርር፣ ጀልባው። ዝናሽ ለሥራ ለባብሳ ስትወጣ አየችኝና ጮኸች።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ! የትምህርት ቤት መጽሐፍ እኮ ነው! ምን ልትላቸው ነው?»

«እንጃ።»

«አባባ፣ ድመቷን ለምን ቀበርካት?» አለች የሺ፤ አለቀሰች። እኔም ከልቅሶው አልራቅኩም።

ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር ነቀልኩና ከመጨረሻው ገጽ፣ ከመጨረሻው ቃል ጀመርን። ከታች ወደ ላይ፣ ከጥግ ወደ ጥግ፣ ተራ በሌለው ተራ እጠቁማለሁ፣ የሺ ትላለች፣ ሮዛ ትፈርዳለች። ሮዛን ለማስረዳት ዕብራይስጥ አልበቃኝም፤ «አፍ ያውቃል፣ ዓይን አያውቅም» አልኳት። ወዲያው ገባት። ትክክል ሲሆን ራሷን ወደ ታች፣ ሲሳሳት ወደ ጎን ታንቀሳቅሳለች። በመሀሉ ሳይረን ከጮኸም ጭንብላችንን አጥልቀን እንቀጥላለን። የየሺ ድምፅ በጎማው ውስጥ እንደ ንብ እምምም ይላል፤ ሮዛ ያን ረጅም የጎማ አፍንጫ ወደ ጎን ታወዛውዛለች፤ እኔ በስንጥሬ እጠቁማለሁ። ያን ጊዜ ያየን ሰው ቢኖር ሦስት እብዶች ይለን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። ትናንት ከዳር እስከ ዳር ስታነብ የነበረች ልጅ አንዲት ቃል እንኳ አልወጣ አላት። ከዚያ ጭራሽ ዝም አለች። ስንጥሩን ሳነሣ ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች፤ ምግብም እምቢ አለች። ያለቻትንም ትንሽ ነገር አጠፋሁባት ይሆን? ሮዛ ያን ፍርሃቴን አይታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና «ለአት፣ ለአት» አለችኝ፤ ቀስ በቀስ ማለቷ ነው። ቀስ የሚባልበት ጊዜ ያለ ይመስል! ግን ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ። ከዚያ አንድ ቀን የሺ ስንጥሩን ከእጄ ወስዳ ራሷ አንድ ቃል ላይ አኖረችው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አቃሰተቻቸው። ሮዛ ራሷን ወደ ታች አደረገች።

ሬዲዮው ትንንሾቹ ክፍሎች ይመለሱ ያለ ዕለት፣ የሺን ይዤ ሄድኩ። የጭንብል ሳጥኗን አበባ ስላባት በትከሻዋ አንጠልጥላለች። እኔ ያን ካፖርቴን ለብሻለሁ፤ እጆቼን በረጅሙ እጅጌ ውስጥ ደብቄያለሁ። አስተርጓሚ አልነበረም። አስተማሪዋ መጽሐፉን ገለጠችው፣ አገላበጠችው፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይህን ማን ነው ያደረገው?»

«እኔ» አልኩ። ላስረዳ ሞከርኩ። «ሥዕል ብዙ ያወራል። ልጅ ሥዕል ትሰማለች፣ ፊደል አትሰማም» አልኩ መሰለኝ። አልገባትም። ከመደርደሪያው ሌላ፣ የሺ አይታው የማታውቀውን መጽሐፍ አንሥታ ልጄን ወደ ክፍሉ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው። በሩ ላይ ጠባብ መስታወት ነበር። ድምፅ አይሰማም። የሺ አንገቷን ደፍታለች። አስተማሪዋ ጎንበስ ትላለች፣ ትጠብቃለች፣ አሁንም ትጠብቃለች። የኦሪት አምላክ ሆይ፣ አልኩ፤ ከዚያ በላይ ጸሎት አልመጣልኝም።

አስተማሪዋ ስትወጣ የኀዘን ቤት ድምፅ ነበር ያወጣችው፤ እንዲገባኝ ብላ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ አደረገችው።

«ቀስ ብላ ነው የምታነበው። በየቃሉ ትሰናከላለች። ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀርታለች።» መጽሐፉን ዘግታ፣ «እስከ ፋሲካ ከእኔ ጋር ትቆይና እናያለን» አለች።

ትሰናከላለች? በቃሏ የያዘች ልጅ በምን ትሰናከላለች! የአስተማሪዋን እጅ ይዤ ሳምኩ፤ ደነገጠች። ክፉ ወሬ እየነገረችኝ ነበር የመሰላት።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ደስታዬ መንገድ ላይ ከዳኝ። አስተማሪዋ አዝናልኝ ይሆናል፣ ሰው ላለማስከፋት ብዙ ይባላል እያልኩ እጠራጠር ጀመር። ፎቃችን በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ነበር። ክረምቱን በሙሉ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር፣ ጋዝ ሲመጣ አድርጉ የተባልነው፣ እኔ ግን ሳላደርገው የቀረሁት ነገር ይመስለኝ ነበር። ይህን ለየሺ ማንም አንብቦላት አያውቅም።

«እስኪ ይህን አንብቢልኝ» አልኳት።

ቆመች። ከንፈሯን ነከሰች። «ከ... ሁለት... እስከ... አራት... ሰዓት... በደረጃው ላይ... መጮ... መጮኽ... ክል... ክልከ...» ብላ ቆመች፤ ተመልሳ ጀመረችው፤ «...ክልክል ነው።»

ያን ሁሉ ሳይረን ሰምተን፣ ሰሌዳችን የሚለው ለካ ይህን የከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ደንብ ኖሯል። ደረጃው ላይ ካለው አሸዋ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ከሳቁ መሀል እንባው እንዴት እንደመጣ አላውቅም። የሺ ፈርታ ታየኛለች።

«አባባ፣ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም። ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ደግማ አነበበችልኝ፤ እዚያው ቃል ላይ እንደገና ተሰናከለች።